ያልወጣ ዕጣ አይነበብም

በገና ጠዋት የጠረጴዛ ልብስ ፍለጋ ከወጥ ቤቱ ጎን ካለችው ዕቃ ቤት ገብቼ ሳለሁ፣ ሦስቱ ልጆቼ በአባታቸው ላይ ዕጣ ሲጣጣሉ ሰማሁ። መስማት አልፈለግሁም፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር፣ ጆሮ ደግሞ ክዳን የለውም። «በይ እንግዲህ ሎተሪ፣ እጅሽን ስደጂ፤ በዚህ ቤት ታናሽ ነው የሚቀድመው» አለ ታላቁ። የብስኩት ቆርቆሮዋ ክዳኗ ሲነሳ ጧ ትላለች፤ ጧ አለች። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። «ምን ይላል?» አለች መካከለኛዋ። «ሆስፒታል» አለች ታናሿ። ሥራዋ የውሃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ መቀበል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ የጠፋበት ሰው ሁሉ ሲጮህባት ስለምትውል ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይል። «ሎተሪ አትሳሳትም እኮ፣ ሁሌም የሚደርሳት እሷን ነው» ብላ መካከለኛዋ ሳቀች። ታላቁ አልሳቀም። ቆርቆሮዋን ከድኖ መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጣት ሰማሁ፣ ሦስቱም ወጡ። እኔ የጠረጴዛ ልብሱን ደረቴ ላይ አቅፌ እዚያው ቆምኩ። ምንም አልተሰማኝም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እናት ነኝና ቢያንስ ሊከፋኝ ይገባ ነበር።

ባለቤቴ ሆስፒታል ከተኛ አራተኛ ሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ወድቆ ዳሌውን ብሎ ነበር የገባው፤ ዳሌው ሲሻለው ሳንባው ውሃ ያዘ፤ አሁን ስለ ዳሌው የሚያነሳ ሐኪም የለም። አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለዚያም አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ሰጥተውናል፤ ካርዱን ያልያዘ፣ ሚስትም ትሁን ልጅ፣ ከበር አያልፍም። ልጆቼ ካርዱን እየተቀባበሉ አራት ሳምንት ገፉ። እኔን ደም ግፊትሽ እያሉ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ አንድ ሰዓት ብቻ ያስገቡኛል። ዛሬ ደግሞ በዓል ነው። ታላቁ የሚስቱ ዘመዶች ይመጡበታል። መካከለኛዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ሰንብታ እግሯ አብጧል። ታናሿስ? ታናሿ ምን አላት ነው የሚሉት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት። ምን እንዳላት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ቆጣሪ አንባቢ አለ፤ ሁለት ዓመት ሻይ ሲጠጡ ቆይተው እናቱ አሁን ለገና ምሳ ትምጣ ብለዋል። ሰባት ሰዓት ላይ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትናንት ማታ ሰማያዊ ቀሚሷን ስትተኩስ ክፍሏ ገብቼ፣ «የአንገቱን አዝራር እስከ ላይ ዝጊው፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው» አልኳት። «ካነቀኝስ እማዬ?» አለች። ስትስቅ ጥርሷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ቆርቆሮዋ ለሌላ ነገር ነበረች። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር፣ ሱቁም የቤታችን የፊት ክፍል። በእግር ሲረግጧት ከፍ የምትል፣ ዙሪያዋን የምትሽከረከር ቀይ የቆዳ ወንበር ነበረችው። በዘወትር ቀን ልጆቹ አይነኳትም። በገና ግን ሱቁ ዝግ ስለሆነ ዕጣ ይወጣል፤ «ወንበር» የሚል የደረሰው እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ አባቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ ያደርገዋል፣ ኬኩን የሚቆርሰው እሱ ነው፣ እስኪመሽም ማንም ምንም አያዘውም። ሕጉ ሁለት ነው፤ ታናሽ ይቀድማል፣ ያልወጣ ዕጣ አይነበብም። ባለዕጣው ከታወቀ በኋላ የቀረውን ወረቀት ከፍቶ ማየት በቤታችን ነውር ነው፤ የሰው ደብዳቤ እንደ መክፈት። ሱቁ ከተዘጋ አሥር ዓመት ሆነው። ወንበሯ ግን ዛሬም ሳሎን መስኮቱ ሥር አለች፣ ቆዳዋ ተልጦ በፕላስተር ተይዛ።

ቆርቆሮዋን አውርጄ ከፈትኳት። ለምን እንደከፈትኳት አላውቅም፤ እጄ ነው የከፈታት። ሁለት የተጠቀለሉ ወረቀቶች ቀርተዋል። አንዱን ፈታሁት፤ «ሆስፒታል»። ሁለተኛውን ፈታሁት፤ «ሆስፒታል»። የታላቁ ልጄ ጽሕፈት ነው። የሱቅ ሰሌዳ ሲጽፍ የሚኖር ሰው ጽሕፈቱን መደበቅ አይችልም፤ ለዳቦ ቤት እንደሚጽፈው አሳምሮ፣ አወፍሮ ነው የጻፈው። ቀዶ መጣል ይችል ነበር። አልቀደደውም፤ በዚህ ቤት ማን ይከፍተዋል ብሎ።

መቆጣት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወጥቼ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት። አልወጣሁም፤ ምክንያቱም ይህን ብልሃት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ታናሿ በስድስት ዓመቷ በኩላሊቷ ታማ ገናን ሆስፒታል ተኝታ አሳለፈች። በዓመቱ ባለቤቴ፣ «ዘንድሮ እሷ ትቀመጥ። ግን ዕጣ የሰጣት ይምሰላት» አለኝ። የእሱ እጅ ለመቀስ እንጂ ለብዕር አይሆንም፤ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ። «ሦስቱም ላይ ጻፊው» አለኝ፣ ጻፍኩት። እሷ አንዱን እንዳወጣች የቀሩትን ምድጃው ውስጥ ከተትኳቸው። ያልወጣ ዕጣ አይነበብም የሚለው ሕግ የተወለደው ያን ዕለት ነው። ለአንድ ዓመት ብለን ነበር። ልጅቷ ግን እጄ ዕድለኛ ነው ብላ አመነች፣ ፊቷ በራ፤ ታዲያ በሁለተኛው ዓመት ያን ፊት ማን ያጥፋው? ስምንት ገና ጻፍኩ። ሎተሪ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ሁለቱ ነበር፤ ጓዳ ገብቶ ሲያለቅስ አግኝቼው፣ «ዕጣ ነው እንግዲህ፣ ወንድ ልጅ ለዕጣ አያለቅስም» ብዬ አፍንጫውን በቀሚሴ ጠረግሁለት።

ቁርስ ላይ ሁሉም ደግ ነበሩ። ምራቴ ሻይ ትቀዳለች፣ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ወንበሯን ታሽከረክራለች፣ አንድ ሰው ስለ ዳቦው ጥሩነት ይናገራል፣ ሌላው አዎ ይላል። «ዛሬ አባታችሁ ዘንድ እኔ ልሂድ» አልኩ። ታላቁ ከሳህኑ ቀና ሳይል «ዕጣው ወጥቷል እማዬ» አለ። «ሦስት ፎቅ እኮ ነው፤ ወድቀሽ ሁለት በሽተኛ ልታደርጊልን ነው?» አለች መካከለኛዋ። ታናሿ፣ «ችግር የለም፣ እኔ እዚያ ቀለል ይለኛል» አለች። ክፍሏ በር ላይ ተሰቅሎ ያደረው ሰማያዊ ቀሚስ የለም፤ ማንጠልጠያው ባዶውን ቀርቷል። ስልኳን ይዛ ጓሮ ወጣች፤ በመስኮት አየኋት። ደወለች፣ ብዙም አላወራችም። አለቀሰች እንዳልል አላለቀሰችም። ስልኩን ኪሷ ከታ፣ ጓሮ የተደፋውን ሳፋ ቀና አድርጋ ተመልሳ ገባች።

ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ካርዱን ከበሩ ምስማር ላይ አወረድኩት። የግፊት ክኒኔን ዋጥኩ፣ ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ የባለቤቴን መላጫና ሳሙና በፌስታል ጠቀለልኩ፣ ወረቀቶቹን ሹራቤ ኪስ ከተትኩ፣ ስልኬን አጠፋሁት። በሰባ አንድ ዓመቴ ከገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ወጣሁ። ባለታክሲው «በዓል አይደል እናቴ» ብሎ እጥፍ ጠየቀኝ፤ ሳልከራከር እሺ ስለው ራሱ ደንግጦ በመስታወት አየኝ። ከተማው ጭር ብሏል። የተዘጉ ሱቆች ሰሌዳ ሳይ የልጄን እጅ ለየሁ፤ ሥጋ ቤቱ የሱ ነው፣ መነጽር ቤቱ የሱ ነው፣ ጫማ ጠጋኙን በነፃ ነው የጻፈለት።

በዓል ሆስፒታል ሲገባ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ነርሶቹ የእጅ ጓንት በአፋቸው ነፍተው፣ ዓይንና አፍ ስለውበት ከጠረጴዛቸው በላይ ሰቅለዋል። መራመድ የቻለው በሽተኛ ሁሉ ትናንት ወደ ቤቱ ተልኳል፤ በባለቤቴ ክፍል ካሉት ስድስት አልጋዎች አራቱ ፍራሻቸው ታጥፎ ብረታቸው ቀርቷል። የቀሩት እሱና እግሩን በገመድ ወደ ላይ የተሰቀለ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። «ተረኛ ተቀየረ እንዴ እናቴ?» አለኝ ሹፌሩ። «ያቺን ዝምተኛዋን ነበር የለመድነው።» «እኔ ለፍልፌ እክሳችኋለሁ» አልኩት። ባለቤቴ የኦክስጅን ቱቦው አፍንጫው ላይ ሆኖ ዓይኑን ሳይገልጥ «ማነው?» አለ። «እኔ ነኛ፣ ማን ሊሆን።» «ፎቁን ወጣሽው?» «ወጣሁት።» «ስንቴ አረፍሽ?» «ሁለቴ።» አራቴ ነበር። ፂሙ የአራት ሳምንት ፂም ነው። ሃምሳ ዓመት የሰው ፊት ሲያጸዳ የኖረ ሰው እንዲህ ሆኖ ማየት፤ ልጆቹ ምግብ ያበሉታል፣ አንሶላ ያስቀይሩለታል፣ ፂሙን ግን ማንም አላየውም። ሞቅ ያለ ውሃ በሳህን ለምኜ አመጣሁ።

«ፂሙ በሄደበት ሂጂ እንጂ፣ ወደ ላይ አትጥረጊ» ይለኛል በየመሃሉ። ትንፋሹ አጭር ስለሆነ አንድ ቃል ተናግሮ ያርፋል። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ መላጫው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ እጄ ፈራ። ቱቦውን ላለመንካት ከከንፈሩ በላይ ያለውን ተውኩት። ያን ጊዜ ነገርኩት፤ ምን እንደሰማሁ፣ ቆርቆሮዋ ውስጥ ምን እንዳገኘሁ። «ሁሉም ላይ?» አለ። «ሁሉም ላይ።» ደረቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሳሉ የተነሳ መስሎኝ ነርስ ልጠራ ስነሳ ለካ ሳቅ ነው። ብዙ አልቆየም። «ስንት ዓመት ጻፍሽ?» «ስምንት።» «እኔ አምስት ይመስለኝ ነበር» አለና ሹፌሩ ወዳለበት ወደ ግድግዳው አየ። ሹፌሩ የተኛ መሰለ። «ልጅቷስ ዛሬ ሌላ ቦታ ነበራት?» የምሳውን፣ የቆጣሪ አንባቢውን፣ የሰማያዊውን ቀሚስ ነገርኩት። ሳሙናውን ከጉንጩ ጠረግሁለት። «ላኪያት» አለ በኋላ። «እንዴት ብዬ? እሺ አትልም እኮ፣ ታውቃታለህ።» «ጻፊላታ» አለኝ።

ነርሷ መጥታ «እማማ፣ ልጅዎ በር ላይ ናት፣ አናስገባሽም ብለዋታል» አለችኝ። ባለቤቴን ለሹፌሩ አደራ ብዬ ወረድኩ። ታናሿ ከበሩ ብረት ውጪ በዚያ ግራጫ የሥራ ሹራቧ ቆማለች፣ ፀጉሯ ከገላው ገና እርጥብ ነው። «አስደነገጥሽን እኮ እማዬ። ስልክሽን ምን ነካው?» «ባትሪ።» «ሙሉ ነበር፣ እኔ ነኝ የሰካሁት። በይ ካርዱን ስጪኝና ቤት ሂጂ።» ሁለቱን ወረቀቶች ከኪሴ አውጥቼ በብረቱ መሃል አሳየኋት። አየቻቸው፤ ፊቷ ላይ የተቀየረ ነገር የለም። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ሁሉንም። በስምንት ዓመቴ ከምድጃው ሥር ግማሹ የተቃጠለ ወረቀት አገኘን፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ። 'ወንበ' ይላል፣ በአንቺ ጽሕፈት። 'ለአባዬ እንዳትነግሪ፣ ደስ ይለዋል' አለኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ገና አውቆ ዝም አለ። እኔ አንድ ቀን ዝም ብል ምን አለበት?»

በአጠገባችን ኬክ በሣጥን የያዘ ሰውዬ ከጥበቃው ጋር ይከራከራል፤ አንድ ካርድ፣ አንድ ሰው፣ ኬኩ ሰው አይደለም ወይ ይላል። እሱ ካለፈ በኋላ ጥበቃውን «ልጄ፣ እስክሪብቶህን» አልኩት። «ያንቺን ወረቀት አምጪ» አልኳት። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ፤ አልጣለችውም ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ በጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ሦስቱንም ገለበጥኩና «ምሳ»፣ «ምሳ»፣ «ምሳ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ እንደ ድሮው አይደለም። «ቶምቦላ ነው እንዴ?» አለ ጥበቃው። ጠቅልዬ ነጠላዬ ጫፍ ውስጥ አድርጌ ዘረጋሁላት። «አውጪ። ታናሽ ይቀድማል።» «ከእኔ ቀጥሎ ማን አለ?» «እኔ አለሁ። ካነስኩሽ ጥበቃውም አለ።» አወጣች፣ አነበበች። ነጠላዬ ውስጥ የቀሩትን ሁለቱን አየች፤ አላስከፈተችኝም።

«አልመጣም ብያቸዋለሁ እኮ።»

«ዕጣ ወጣልኝ ትያቸዋለሽ።»

«በዚህ ሹራብ?»

«አዝራሩን እስከ ላይ ዝጊው።» «አዝራር የለውም እማዬ» አለች። ለስድስት ሰዓት ተኩል አምስት ጉዳይ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ኪሴ መልሼ ነጠላዬን በብረቱ መሃል ሰጠኋት፤ ሹራቡን ይሸፍናል። ወረቀቷን እንደገና ጠቅልላ መዳፏ ውስጥ ያዘችና ሄደች፤ ደህና ዋይም አላለችኝ፣ እኔም አላልኳት።

ደረጃውን ስወጣ አምስቴ አረፍኩ። የክፍሉ መስኮት ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ያያል። ቆማለች። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ ቆማለች። ሁለተኛ መጥቶ ሄደ፤ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ሦስተኛው መጥቶ ከለላት፣ ሲሄድ የለችም። ከዚያ ፌርማታ ወደ ቤታችንም፣ ወደ ሌላም ይሄዳል። ቁጥሩን ልይ ብዬ መነጽሬን ስፈልግ አጣሁት፤ ታክሲው ውስጥ ሳልረሳው አልቀረሁም። «ለማን ወጣ?» አለ ባለቤቴ ከኋላዬ። «ሎተሪ።» «ሁሌ እሷ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ከዚያ ተኛ። እኔ የኦክስጅኑን ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ሲል እያየሁ ዋልኩ። ሹፌሩ ከቤቱ የመጣለትን ብርቱካን አካፈለኝ፤ ጣዕሙ ምን እንደነበር አላስታውስም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነርሷ «ተተኪ መጥቷል» አለችኝ። ስወርድ ታላቁ ልጄ ሾርባ በፔርሙዝ ይዞ ጥበቃው በር ላይ ቆሟል። የበዓል ሸሚዙን አላወለቀም፣ ጣቶቹ መሃል ነጭ ቀለም አለ፤ ያ ቀለም ለሰርጉም አልለቀቀው። ዕጣ አልወጣለትም፣ ማንም ና አላለውም። «ሂጂ እማዬ፣ ታክሲው እየጠበቀሽ ነው» አለ። ካርዱን ከአንገቴ አውልቄ ከኪሴ መሐረብ ሳወጣ፣ ሁለቱ ወረቀቶች አብረው ወጥተው መሬት ወደቁ። ጎንበስ ብሎ አነሳቸው። በአንድ በኩል የሱ ጽሕፈት፣ በሌላው በኩል የኔ። ሁለቱንም ወገን አየ፣ ከዚያ አስተካክሎ አጠፋቸውና ደረት ኪሱ ከተታቸው። «አባዬ በላ?» አለኝ። «ትንሽ። ፂሙን ላጭቼዋለሁ፣ ከከንፈሩ በላይ ግን ፈርቼ ተውኩት።» «እኔ እጨርስለታለሁ» አለ። ካርዱን አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት። ጥበቃው «አንድ ካርድ፣ አንድ ሰው» አለ።

ቤት ስደርስ ኬኩ አልተቆረሰም። የምራቴ ዘመዶች መጥተው ሄደዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የብርጭቆ ክብ ክብ ብቻ ቀርቷል። መካከለኛዋ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ «ጉድ ነሽ እማዬ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። የታናሿ ጫማ በሩ ሥር የለም። የልጅ ልጄ ቆርቆሮዋን አቅፋ መጥታ «አያቴ፣ የወንበሩ ዕጣ ሳይወጣ መሸ እኮ» አለች። ከደብተሯ ወረቀት ቀደድኩ፤ ለሷ፣ ለእናቷ፣ ለመካከለኛዋ፣ ለኔ፣ ለሁለቱ ላልገቡት፤ ስድስት። አንዱ ላይ «ወንበር» ብዬ ጻፍኩ። የቀሩትን አምስቱን ባዶአቸውን ስጠቅልል የሰው ነገር የምሰርቅ መሰለኝ።

ታናሽ ትቅደም ተባለ፤ የልጅ ልጄ አወጣች። ወረቀቱን ገልብጣ ሁለቱንም ወገን አየች። «ባዶ ነው» አለች፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እጄ አፍንጫዋን ሊጠርግ ተነሳ፤ አፌ ግን የድሮውን አልተናገረም። «ባዶ ነው» አልኳት። መካከለኛዋ አወጣች፤ ባዶ። ምራቴ ባዶ። እኔም ባዶ። ሁለት ቀሩ። «የአባዬ ነው ወይስ የአክስቴ?» አለች ልጅቷ፣ ቆርቆሮዋ ውስጥ አንገቷን አስግጋ። «ያልወጣ ዕጣ አይነበብም» አለች መካከለኛዋ። ክዳኗን ገጠምኩት፣ ጧ አለ። ኬኩን መካከለኛዋ ቆማ ቆረሰችው፤ ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ውጪው ጨልሟል። ታናሿ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ ግቢ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ በመጣችም ቁጥር ለምን ቆምሽ ትለኛለች። ቁራሼን በሳህን ተቀበልኩ። ወደ በሩ አልሄድኩም፤ ተቀምጬ በላሁ።